ሆለታና ጥቁር አንበሳ

በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴ እየሰማነው ያደግነው ፉከራ ጀግናውን ከነአባቱ፣ ከነዘር ሐረጉ ይጠራል። ክብር ከትምህርትና ከቃል ኪዳን የተቀዳበት ጊዜም በታሪካችን አለ፤ እሱን ግን እምብዛም አናነሣውም።

በጦርነቱ ዋዜማ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ ሆለታ ላይ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዎቹ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ፤ ዕጩ መኮንኖቹ ደግሞ ከተፈሪ መኮንንና ከመሰሎቹ ተማሪ ቤቶች የተመለመሉ ልጆች። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጠላት አገር ገባ።

በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ፣ ከእነዚህ ልጆች ከፊሎቹ ወለጋ ዘልቀው፣ ውጭ አገር ከተማሩ ወጣቶች ጋር ነቀምቴ ላይ የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሠረቱ። መሪያቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለምወርቅ በየነ ነበሩ። በዚያው ሰኔ ቦናያ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጠሉ።

ታዲያ እኛን ከተኩሱ ይልቅ የሚደንቀን ዐሥር አንቀጽ ያለው ሕጋቸው ነው። የጦሩ አዛዥ ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ ይደነግጋል፤ ገበሬን መበደልን፣ ምርኮኛን ማሠቃየትን፣ አገር ጥሎ መሰደድን ይከለክላል። ወታደር ባላገር ጓዳ ገብቶ ሲቀለብ በኖረበት አገር ይህ እንዲያው ቀላል ነገር አይደለም።

ማኅበሩ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጅ ሰጡ፤ ከየካቲት 12 በኋላ ብዙዎቹ ተረሸኑ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ዩኒፎርምና ማዕረግ ሰጪ አያጣም። እነዚያ ተማሪዎች ግን ጠመንጃ ይዘው ሳለ ገበሬውን ላይነኩ ራሳቸውን በጽሑፍ አሰሩ። እኛስ በምን ላይ ፈርመናል?