ከማግኔት እስከ ሙጫ፦ የፒየር-ዢል ደ ዤን የምርምር ዘመን

ኅዳር 29 ቀን 1984 ዓ.ም. ስቶክሆልም ውስጥ አንድ ቁመተ ረጅም ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር የኖቤል ንግግሩን ሊያሰማ ቆመ። የዓመቱን የፊዚክስ ሽልማት ያገኘው ብቻውን ነው። በዚያ መድረክ ሲወራ የኖረው በአብዛኛው ስለ አቶም ውስጣዊ ቅንጣቶች፣ ስለ ከዋክብትና ስለ ጨረር ነበር። ፒየር-ዢል ደ ዤን ግን ገና በመግቢያው አድማጮቹን አማዞን ደን ውስጥ ይዟቸው ገባ። የዚያ አገር ነባር ሕዝቦች የጎማ ዛፍ የሚያፈሰውን ነጭ ፈሳሽ ቀድተው እግራቸውን ይቀቡታል፤ ፈሳሹ ጥቂት ቆይቶ ይረጋና በልካቸው የተሠራ ቦቲ ይሆናል። ቦቲው ግን ዕድሜ የለውም፤ ብዙም ሳይቆይ ይበጣጠሳል።

ለምን ቢባል፣ ፈሳሹ የያዘው እጅግ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶችን ነው። ከአየር የሚገባው ኦክስጅን ሰንሰለቶቹን እዚህም እዚያም እያያያዘ ፈሳሹን ወደ ጎማ ይለውጠዋል። ያው ኦክስጅን ግን በዚህ አያበቃም፤ ውሎ አድሮ ሰንሰለቶቹን ራሳቸውን ይቆርጣቸዋል። በ1839 (ከዚህ ጀምሮ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድዪር በኦክስጅን ፋንታ ድኝ ጨምሮ ቢያሞቀው የሚበረክት ጎማ አገኘ። የብስክሌትና የመኪና ጎማ መነሻው ይኸው ነው። ደ ዤንን ያስደነቀው ቁጥሩ ነበር። ከ200 የካርቦን አቶሞች አንዱ ብቻ ከድኝ ጋር ሲያያዝ ሲፈስ የነበረው ነገር ቅርጹን ይዞ ይቆማል። በጣም ጥቂት ኬሚስትሪ የቁሱን ጠባይ ከሥር ይገለብጠዋል ማለት ነው። ለስላሳ ቁስ የሚባለው የፊዚክስ ዘርፍ የሚያጠናው እንዲህ ያሉትን ነገሮች ነው፤ ጎማን፣ ሳሙናን፣ ሙጫን፣ አረፋን፣ ቀለምን፣ ሰዓትና ቴሌቪዥን ላይ ምስል የሚያሳየንን ፈሳሽ ክሪስታል።

ደ ዤን ዛሬ የዚህ ዘርፍ አባት ተብሎ ቢጠራም ሥራውን የጀመረው ከሙጫና ከሳሙና እጅግ ርቆ ነው። በ1932 ፓሪስ ተወለደ፤ አባቱ ሐኪም ነበር። እስከ 12 ዓመቱ ድረስ የተማረው ቤት ውስጥ ነው። በ1951 ወደ ታዋቂው ኤኮል ኖርማል ሱፔሪዬር ገብቶ በ1955 ሲወጣ ሳክሌ በሚገኘው የፈረንሳይ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ተቀጠረ። የኒውትሮን ጨረር በማግኔቶች ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚበተን ማጥናት ነበር ሥራው። በ1957 ዶክትሬቱን ያዘ፣ በ1959 ካሊፎርኒያ በርክሊ ሄዶ ከቻርልስ ኪትል ጋር ሠራ፣ ሲመለስም 27 ወር በባሕር ኃይል አገለገለ። እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የማንኛውንም ጎበዝ የፊዚክስ ተማሪ ይመስላል።

የተለየው ነገር የሚጀምረው በ1961 ከፓሪስ ደቡብ ምዕራብ ባለችው ኦርሴ በመምህርነት ሲቀጠር ነው። ማግኔቱን ተወና ሱፐርኮንዳክተር ላይ የሚሠራ ቡድን አቋቋመ፤ እጅግ ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መሰናክል የሚያሳልፉ ብረቶች ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ቀማሪውና ሞካሪው በየፊናቸው መሥራት የተለመደ ነበር። ደ ዤን ግን ሁለቱን አንድ ቤት አስቀመጣቸው፣ እሱ ራሱም ቤተ ሙከራ ውስጥ እየዞረ የተገኘውን ውጤት ይጠይቅ ነበር። በ1966 በእንግሊዝኛ የወጣው የሱፐርኮንዳክተር መጽሐፉ የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መማሪያ ሆነ። ቡድኑ ስም አወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ተደላድሎ ጡረታውን ይጠብቅ ነበር።

በ1968 ግን ፊቱን ወደ ፈሳሽ ክሪስታል አዞረ። ፈሳሽ ክሪስታል በዚያን ጊዜ አዲስ ግኝት አልነበረም። በ1888 ፍሪድሪሽ ራይኒትሰር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ሊቅ አንድ ከኮሌስትሮል የተሠራ ውህድ ሁለት ጊዜ ሲቀልጥ አይቶ ነበር፤ መጀመሪያ ደፍራሽ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለረጅም ዘመን የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ሆኖ ቆየ። ደፍራሽነቱ ራሱ እንቆቅልሽ ነበር። ሞለኪውሎቹ በመንጋ በመንጋ ተከፋፍለው ስለሚቆሙ ነው የሚሉ ነበሩ። ደ ዤን መንጋ የሚባል ነገር እንደማያስፈልግ አሳየ። ዘንግ መሳይ የሆኑት ሞለኪውሎች በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላሉ፤ ሙቀት ደግሞ ይህን አቅጣጫ ያለማቋረጥ ያወዛውዘዋል፤ ብርሃኑን የሚበትነው ውዝዋዜው ነው። የኦርሴ ሞካሪዎችም ለክተው እንዲሁ ሆኖ አገኙት።

በዚያ ዘመን ከኦርሴ ከወጡት ጽሑፎች አንዳንዶቹ የግለሰብ ስም አልነበረባቸውም። ደራሲው «የኦርሴ የፈሳሽ ክሪስታል ቡድን» ነው። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ስሙ ስንተኛ ላይ እንደሰፈረ እየተቆጠረ ዕድገት በሚያገኝበት ዓለም ይህ የዋህነት ይመስል ይሆናል። የቡድኑ ሥራ ግን ፈጣን ነበር። በ1974 የወጣው «የፈሳሽ ክሪስታል ፊዚክስ» መጽሐፉ የዘርፉ መሠረት ሆኖ እስካሁን ይጠቀሳል። የተወው ሱፐርኮንዳክተርም ባክኖ አልቀረም፤ በ1972 ስሜክቲክ የሚባለው፣ ሞለኪውሎቹ ተደራርበው የሚቆሙበት ፈሳሽ ክሪስታል ሲፈጠር የሚታየው ለውጥ በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ከሚታየው ጋር በስሌት አንድ ዓይነት መሆኑን ያሳየው ራሱ ነው። ይህን ለማየት በሁለቱም ቤት የኖረ ሰው ያስፈልግ ነበር።

በ1971 ኮሌዥ ደ ፍራንስ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው። ይህ በ1530 የተመሠረተ ተቋም ዲፕሎማ አይሰጥም፣ ተማሪ አይመዘግብም፤ በሩ ለማንም ክፍት ነው። ፕሮፌሰሩ ግን የሚጠበቅበት አንድ ከባድ ግዴታ አለ፦ አምና ያስተማረውን ዘንድሮ መድገም አይችልም። እንዲህ ያለ ሕግ ብዙ ምሁር ያስጨንቃል። ለደ ዤን ጠባይ ግን የተቆረጠ ልብስ ነበር፤ ባይኖርም ለራሱ የሚያወጣው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ፖሊመር እንምጣ፤ የዚህ ሰው ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ናይለንና ዘረ መል ሳይቀር ረጃጅም ሰንሰለቶች መሆናቸውን ዓለም እንዲቀበል የተሟገተው ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ሽታውዲንገር ነበር። አሜሪካዊው ፖል ፍሎሪ ደግሞ ሰንሰለቶቹን የሚገዛውን ስሌት አበጀ፤ በ1974 የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘበትም ነው። ፍሎሪ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ አንድ ሰንሰለት ፈሳሽ ውስጥ ተጠቅልሎ ሲንሳፈፍ ምን ያህል ቦታ ይይዛል? ሰንሰለቱ ራሱ በራሱ ላይ ማለፍ ስለማይችል ጥያቄው እንደሚታየው ቀላል አይደለም። ፍሎሪ ስፋቱ ከርዝመቱ ጋር በ3/5 አርቢ ያድጋል አለ። ሰንሰለቱ 10 እጥፍ ቢረዝም ስፋቱ 4 እጥፍ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። መልሱ ከሙከራ ጋር በሚገርም ሁኔታ ይስማማ ነበር፤ ማስረጃው ግን ያነክሳል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኬነዝ ዊልሰን ማግኔቶች በሙቀት ማግኔትነታቸውን ሲያጡ የሚሆነውን ለማስላት አዲስ ዘዴ አምጥቶ ነበር። በዚያ ስሌት ውስጥ የማግኔቱ ቀስት በስንት አቅጣጫ መዞር እንደሚችል የሚነግር ቁጥር አለ፤ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሊሆን ይችላል። ደ ዤን በ1972 ባወጣት በጣም አጭር ጽሑፍ በዚህ ቁጥር ቦታ ዜሮ አስገባ። ዜሮ አቅጣጫ ያለው ቀስት በዓለም ላይ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ስሌቱ ግን ዜሮ ሲገባበት ስለ ማግኔት ማውራቱን ትቶ ራሱን ስለማይነካ ሰንሰለት ማውራት ይጀምራል። በዚህ መንገድ ዛሬ የተደረሰበት አርቢ 0.588 አካባቢ ነው፤ የፍሎሪ 0.6 ምን ያህል ቀርቦ እንደነበር አንባቢ ይፍረድ። እኔ በፊዚክስ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ድፍረት የታየበት አጭር ጽሑፍ ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም። የሳክሌ ዘመን ማግኔትም በዚህ በኩል ተመልሶ መጣ።

ከዚህ አጭር ጽሑፍ ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አንስቶ ነበር። የቀለጠ ፕላስቲክ ውስጥ ሺህ ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው ተተብትበው አንዱ እንዴት ይንቀሳቀሳል? ወደ ጎን እንዳይሄድ ጎረቤቶቹ ይዘውታል። የዌልሱ ተወላጅ ሳም ኤድዋርድስ እያንዳንዱ ሰንሰለት ጎረቤቶቹ በሠሩለት ቱቦ ውስጥ እንዳለ አድርጎ ማሰብ እንደሚቻል በ1967 ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ደ ዤን እንግዲያው ያለው መንገድ አንድ ነው አለ፤ ሰንሰለቱ እንደ እባብ በርዝመቱ እየተሳበ ከቱቦው መውጣት አለበት። እንቅስቃሴውንም ከተሳቢ እንስሳት ስም ወስዶ «ሬፕቴሽን» አለው። ስሌቱ የሰንሰለቱ ርዝመት በእጥፍ ሲያድግ የቅላጩ ዝልግልግነት 8 እጥፍ ይሆናል ይላል። ቤተ ሙከራ የሚለካው ግን ወደ 10 እጥፍ ተኩል ይጠጋል። ልዩነቱ ብዙ ዓመት ያከራከረ ሲሆን የቱቦው ጫፎች ሲረዝሙና ሲያጥሩ ከሚያመጡት ውጤት ጋር እንደሚያያዝ በኋላ ማሳኦ ዶይ አሳይቷል። በ1994 የስቲቨን ቹ ቡድን አንዲት የዘረ መል ሰንሰለት በሚያበራ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲከታተላት ሰንሰለቷ በእርግጥም የራሷን ዱካ ተከትላ ስትሳብ ታየች። ከወረቀቱ እስከ ዓይን ምስክር 23 ዓመት አለፈ።

የደ ዤን አሠራር ሁሉንም አያስደስትም። በ1979 ያወጣው የፖሊመር መጽሐፉ በስሌቱ ፊት የሚመጡትን ቋሚ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ይጥላቸዋል፤ «ይህ ከዚያ ጋር በዚህን ያህል አርቢ ያድጋል» ይልና ያልፋል። የሒሳብ ጥንቃቄ የሚወዱ ሰዎች በዚህ ይናደዳሉ፣ ነገሩም እውነትነት አለው። መንገዱን ጠቁሞ ሲሄድ እሾሁን የሚለቅሙት ሌሎች ነበሩ፤ ዶይና ኤድዋርድስ የሬፕቴሽንን ሐሳብ ወደ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ ለመለወጥ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ሆኖም ኢንጂነሩም ኬሚስቱም ሊያነበው የሚችል የፊዚክስ መጽሐፍ የተገኘው በዚህ ዘዴ ነው።

ከ1976 እስከ 2002 ድረስ ደግሞ የፓሪስ ከተማ የኢንዱስትሪ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር። ፒየርና ማሪ ኩሪ በ1898 ራዲየምን ያገኙት በዚህ ትምህርት ቤት ግቢ ነው። 26 ዓመት በአንድ ወንበር መቀመጡ መስክ ሲቀያይር ለኖረ ሰው ያስገርማል። እዚያ ሥነ ሕይወትን ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ጎን አስገባ፣ ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን ከመምህር ጋር የሚወያዩበትንም ሥርዓት ተከለ።

ኖቤሉን ካገኘ በኋላ ደግሞ ወደ 200 የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን እየዞረ ተማሪዎችን አነጋገረ። ከነዚህ ጉብኝቶች የተገኘው መጽሐፍ በ1994 ከዣክ ባዶዝ ጋር ታተመ። ከሚያነሳቸው ነገሮች አንዱ የጥንት ጸሐፊዎች ቀለም ነው፣ ይህ እኛንም ይመለከታል። ጥላሸት ውሃ ውስጥ ሲገባ ቅንጣቶቹ ወዲያው ተጣብቀው ይዘቅጣሉ። ከግራር የሚገኝ ሙጫ ሲጨመርበት ግን የሙጫው ረጃጅም ሰንሰለቶች በየቅንጣቱ ላይ ይለጠፉና ጫፋቸውን ወደ ውሃው ይዘረጋሉ፤ ቅንጣቶቹ መቀራረብ አይችሉም፣ ቀለሙም ሳይዘቅጥ ይቆያል። የኛ ቁም ጸሐፊዎችም ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቃጠለ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ሲያዘጋጁ ሙጫ የሚጨምሩበት ምክንያት ይኸው ነው። ደ ዤን በዚያው መጽሐፍ የአገሩን ትምህርት ወቅሷል። የፈረንሳይ ትምህርት ልጆችን የሚመርጠው በደረቅ ሒሳብ ብቻ ነው፣ ማስተዋልና የእጅ ሥራ ተንቋል የሚል ነበር ክሱ።

በ2002 ከዳይሬክተርነቱ ሲወርድ ወደ ኩሪ ኢንስቲትዩት ሄደ። በ70 ዓመቱ ሴሎች እንዴት እንደሚጣበቁና እንደሚጓዙ፣ ትውስታ በአንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ማጥናት ጀመረ። ሜይ 18 ቀን 2007 ኦርሴ ውስጥ በ74 ዓመቱ አረፈ።

ኖቤል በተሰጠው ጊዜ ከዳኞቹ አንዱ «የዘመናችን አይዛክ ኒውተን» ብሎት ነበር፣ ይህም ቅጽል በየጋዜጣው ሲደጋገም ኖሯል። ማጋነን ነው። ደ ዤን አዲስ የተፈጥሮ ሕግ አላገኘም፣ አገኘሁም አላለም። የኮሚቴው የሽልማት መግለጫ ራሱ ይበልጥ ይገልጸዋል፤ የተሸለመው በቀላል ነገሮች ውስጥ ያለውን ሥርዓት ለማጥናት የተዘጋጁ ዘዴዎች ለፈሳሽ ክሪስታልና ለፖሊመርም እንደሚሠሩ በማሳየቱ ነው ይላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ይህን ያህል ራቅ ራቅ ያሉ መስኮችን በአንድ ዓይን ያየ ሌላ የፊዚክስ ሰው በበኩሌ አላውቅም።