የመንግሥት ቀለም

«የመንግሥትን እንጀራ የሚበላ አርቲስት እውነት መናገር ይችላል ወይ?» ተማሪዎቼ ይጠይቁኝ ነበር። እኔም የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበርኩና ነገሩ ወደ ማን እንደተወረወረ ይገባኛል። ወሬ አስቀይር ነበር። ዛሬ ቢሆን የፖርቶ ሪኮውን ሎሬንሶ ኦማርን አነሳላቸዋለሁ።

ኦማር በ1913 እ.ኤ.አ. ተወለደ። በልጅነቱ ኒውዮርክ ገባ፣ ካርቲዬ ጌጣጌጥ ቤት ንድፍ ሠራ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመተ፤ በ1950 ተመለሰ። የተመለሰባት ደሴት ከ1898 ጀምሮ በአሜሪካ እጅ ናት። በ1948 የወጣው ሕግ (ሕዝቡ «የአፍ መለጎሚያ» ይለዋል) መንግሥት ለመገልበጥ የሚያነሳሳ ነገር ማተምን ወንጀል አደረገ፤ ብዙ የነጻነት ታጋዮች ታሰሩበት። እስከ 1957 ጸንቷል።

ታዲያ ያው መንግሥት ለገጠሬው ፊልም፣ መጽሐፍና ፖስተር የሚያዘጋጅ ክፍል ከፍቶ ሰዓሊዎችን ቀጠረ። ኦማርና ራፋኤል ቱፊኞም እዚያ ሠሩ። ከሥራ ውጪ ደግሞ በ1950 ከጓደኞቻቸው ጋር የራሳቸውን የጥበብ ማዕከል አቋቋሙ። ኅትመትን የመረጡት ርካሽ ስለሆነ፣ ስለሚባዛም ነው፤ የዘይት ቅብ አንድ ሀብታም ሳሎን ገብቶ ይቀራል። ከመካከላቸው ካርሎስ ራኬል ሪቬራ በ1955፣ ሕጉ ገና ሳይሻር፣ «የሰሜን አውሎ ነፋስ» የሚል ሥራ አተመ። ሰሜን ማለት ማን እንደሆነ ለደሴቲቱ ሰው ማስረዳት አያሻም።

ኦማር ግን እንዲህ በግልጽ አይጮህም። ከ1957 እስከ 1973 የፖርቶ ሪኮ ባህል ተቋምን የግራፊክ ወርክሾፕ መራ፤ የሚያትመው የቴአትርና የኤግዚቢሽን ፖስተር ነው። ምን ፖለቲካ አለው ትሉ ይሆናል። ፊደሉን ተመልከቱ! በሌሎች ፖስተሮች ፊደል የሥዕሉ አሽከር ነው፤ በእሱ ግን ራሱ ሥዕል ነው። በ1960ዎቹ የደራሲ ቶማስ ብላንኮን ጽሑፍ እንጨት ላይ ቀረጸ፤ ሲታተም እንዲቃና እያንዳንዱን ፊደል ገልብጦ። የእኛ ማኅተም ቀራጮች ይህን ጣጣ ያውቁታል። ደግሞ አስቡት፦ እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ የደሴቲቱ ልጆች እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ ሆኖ ተጭኖባቸው ነበር። ኦማር በመንግሥት ቀለም፣ በመንግሥት ወረቀት፣ ስፓኒሽን እንደ ወርቅ ጌጥ አንጥሮ ግድግዳ ላይ ለጠፈላቸው። እኔ ይህን ከብዙ መፈክር አስበልጣለሁ።

ተማሪው አንቶኒዮ ማርቶሬል በዚህ አልተወሰነም። በ1968 የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ፤ በዚያው የምርጫ ዓመት ፖለቲከኞቹን መጫወቻ ካርታ ላይ አትሞ ለሕዝብ አደላቸው።