ኩርኩፋን የወለደው ጾም ነው ወይስ መሬቱ?

በጫሞ ሐይቅ ዙሪያ የሚበላውን ኩርኩፋ ብዙ ሰው እንደ ጾም ምግብ ያየዋል። የሽፈራው ቅጠል ከዘንጉ ተለቅሞ ይቀቀላል፤ የበቆሎ ወይም የማሽላ ሊጥ በእጅ ተድቦልቡሎ አብሮት ይበስላል፤ ሥጋ የግድ አይልም። እኔ ግን ከጾም ይልቅ መሬቱ ወለደው እላለሁ። ጋሞዎች ሃለኮ የሚሉት የሽፈራው ዛፍ የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ተወላጅ ሲሆን፣ ድርቅ ስለሚችል የጓሮ አትክልት በሚጠወልግበት በጋም ቅጠል ይሰጣል። ከፍ ብሎ ብርድ በሚበረታበት በጋሞዎቹ ጨንቻ ደግሞ የቤቱ ምሰሶ እንሰት ነው። አንድ ሕዝብ ሆኖ ማዕዱ ከከፍታው ጋር ይለወጣል።

ብርብር ማርያምን የመሰለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ባለበት አገር ጾምን እንዴት ትክዳለህ የሚል ይኖራል። አልክድም፤ ጾም ምግቡን አጽንቶት ይሆናል። ነገር ግን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጾም ሥር ባልሰደደበት ኮንሶም ኩርኩፋ የዕለት ምግብ ነው። በቆሎ ከአሜሪካ የመጣው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው ቢባልም፣ ማሽላ የአፍሪካ እህል ነው፤ ድቡልቡሉም ሁለቱንም ይቀበላል። ስለዚህ የአትክልት ማዕድ ታሪክን ከጾሙ ቀን መቁጠሪያ በፊት በማሳው መጀመር ይበጃል።