የበረዶ ሆኪ ዳኞች በጨዋታ ወቅት የሚይዙት ስፍራ

የበረዶ ሆኪ በዳኝነት ረገድ ከእግር ኳስ ከሚለይባቸው ነጥቦች አንዱ ዳኛው ከጨዋታው ሸሽቶ የሚቆምበት ሰፊ ቦታ የሌለ መሆኑ ነው። በአሜሪካና በካናዳ በሚካሄደው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ደንብ መሠረት ሜዳው 61 ሜትር ያህል ርዝመትና 26 ሜትር ያህል ስፋት አለው። ዙሪያው ከአንድ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ግድግዳና ከግድግዳው በላይ በተተከለ መስተዋት የታጠረ ነው። በዚህ በታጠረ ስፍራ ውስጥ ከሁለቱ ቡድኖች 12 ተጫዋቾች እንዲሁም 4 ዳኞች፣ በድምሩ 16 ሰዎች በበረዶ መንሸራተቻ ጫማ በከፍተኛ ፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ።

ተጫዋቾቹ በዱላ የሚመቱት ፓክ ተብሎ የሚጠራውን ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነው። ስፋቱ 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም ይደርሳል። በጠንካራ ምት በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝበት ጊዜ አለ። ፓኩ ዳኛን ነክቶ ቢመለስ ጨዋታው አይቋረጥም፤ ዳኛውን ነክቶ በቀጥታ ጎል ውስጥ ቢገባ ግን ጎሉ አይጸድቅም። በመሆኑም ዳኛው የሚፈጸመውን ድርጊት በግልጽ ለማየት የሚያስችል ቅርበት እንዲኖረው፣ በዚያው መጠንም የጨዋታውን መንገድ እንዳይዘጋ ይጠበቅበታል። የዳኞች የአቋቋም ሥርዓት በሙሉ የተቀረጸው እነዚህን ሁለት ፍላጎቶች ለማስታረቅ ነው።

ጨዋታው በኢትዮጵያ ባይዘወተርም፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶና ሚኒሶታ በሊጉ የሚወዳደሩ ቡድኖች አሏቸው።

ከአራቱ ዳኞች ሁለቱ ዋና ዳኞች ሲሆኑ፣ በክንዳቸው ላይ በሚያስሩት ብርቱካናማ ጨርቅ ይለያሉ። ጥፋቶችን የመቅጣትና ጎል የማጽደቅ ሥልጣን የእነርሱ ነው። ቀሪዎቹ ሁለቱ የመስመር ዳኞች ናቸው። ሜዳው በሁለት ሰማያዊ መስመሮች በሦስት ክልሎች የተከፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሰማያዊ መስመር ከጎል መስመሩ 19.5 ሜትር ያህል ይርቃል። በሁለቱ ሰማያዊ መስመሮች መካከል የሚገኘው የመሐል ክልልም 15 ሜትር ያህል ርዝመት አለው።

አንድ ቡድን ወደ ተጋጣሚው ክልል ሲያጠቃ፣ ከሁለቱ ዋና ዳኞች አንዱ ቀድሞ ወደ ጎል መስመሩ ይወርዳል። ይህ የፊት ዳኛ የሚባለው ነው። ሁለተኛው የኋላ ዳኛ በሰማያዊው መስመር አካባቢ ሆኖ ጨዋታውን ከበስተጀርባ ይከታተላል። በአብዛኛው ሁለቱ ዳኞች በሜዳው ተቃራኒ ጎኖች የሚቆሙ በመሆናቸው ተጫዋቾቹ በመካከላቸው ይውላሉ፤ አንዱ ዳኛ ጀርባውን ብቻ የሚያየውን ተጫዋች ሌላው ከፊት ለፊት ያየዋል ማለት ነው። የእግር ኳስ የመሐል ዳኛ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው በሰያፍ የሚሮጠው በተመሳሳይ ምክንያት እንደሆነ ይታወቃል። ፓኩ ተነጥቆ ጨዋታው ወደ ሌላኛው ጎል ሲዞር የዳኞቹም ድርሻ ይቀያየራል። የኋላ ዳኛ የነበረው የፊት ዳኛ ሆኖ ወደ ሌላኛው ጎል ይፈጥናል፤ የፊት ዳኛ የነበረውም ከኋላ ይከተላል። ይህ ቅያሬ በአንድ ጨዋታ እጅግ በርካታ ጊዜ የሚደጋገም ሲሆን፣ ዳኞቹ ሳይነጋገሩ የሚፈጽሙት ነው።

የፊት ዳኛው ዋነኛ ስፍራ በሜዳው ማዕዘን አካባቢ በጎል መስመሩ ላይ፣ በግድግዳውና በጎሉ ቋሚ መካከል ነው። ጨዋታው ወደ ጎሉ ሲጠጋ እርሱም ወደ ቋሚው ይጠጋል፤ ጨዋታው ሲርቅ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ተጫዋቾች ፓኩን ለመንጠቅ እርሱ ወዳለበት ማዕዘን ቢመጡ ስፍራውን ለቆ ወደ ጎሉ ጀርባ ይሸሻል፤ መውጫ ካጣም ግድግዳውን ደግፎ እግሮቹን በማንሳት ፓኩን ያሳልፋል። ተመልካች እንደ ትርኢት ቢያየውም ለሥራው የሚያስፈልግ ችሎታ ነው።

በዚህ ስፍራ ወሳኙ ጉዳይ የእይታ ማዕዘን ነው። ፓኩ የጎል መስመሩን ሙሉ በሙሉ ማለፉ የሚረጋገጠው በመስመሩ ርዝመት ትይዩ ለሚመለከት ሰው ሲሆን፣ ከፊት ለፊት የቆመ ዳኛ በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን እንኳ የበረኛው አካል ይጋርደዋል። ደንቡም ይህን ከግምት ያስገባ ነው። ዳኛው ፓኩን ከዓይኑ ሲያጣ ጨዋታውን እንዲያቆም ይጠበቃል፤ ጨዋታው የቆመ ተደርጎ የሚቆጠረውም ዳኛው ለማቆም ከወሰነበት ቅጽበት ጀምሮ እንጂ የፊሽካው ድምፅ ከተሰማበት ጊዜ አይደለም። ፓኩ በበረኛው እግር ሥር እየተንከባለለ ሳለ የተሳሳተ ስፍራ ላይ የቆመ ዳኛ “ተይዟል” ብሎ ቢወስን፣ ከአፍታ በኋላ የሚቆጠረው ትክክለኛ ጎል ይሻራል። አሠልጣኞችን እጅግ ከሚያስቆጡ ውሳኔዎች አንዱ ይኸው ሲሆን፣ ቁጣቸውም ብዙ ጊዜ መሠረት አለው።

የኋላ ዳኛው ተግባር ለተመልካች እምብዛም አይታይም። የፊት ዳኛው ፓኩንና የጎሉን አካባቢ ሲከታተል፣ እርሱ ከፓኩ ርቀው የሚገኙ ተጫዋቾችን ይመለከታል። በዱላ መምታት፣ ተጋጣሚን መያዝና ከጀርባ መግፋት የመሳሰሉ ጥፋቶች የሚበዙት ሁሉም ዓይን ወደ ፓኩ በዞረበት ጊዜ ነው። ይህ ክፍፍል ለክትትል እንጂ ለሥልጣን የተቀመጠ ወሰን ስላልሆነ፣ ከሁለቱ ማንኛቸውም ያዩትን ጥፋት መቅጣት ይችላሉ። በተግባር ግን በአምስት ሜትር ርቀት ላይ ያለው ዳኛ ያለፈውን ድርጊት በ20 ሜትር ርቀት ላይ ያለው ሲቀጣ ቅሬታ መነሳቱ አልቀረም።

የመስመር ዳኞች አቋቋም ከዚህ ይለያል። አጥቂ ተጫዋች ከፓኩ ቀድሞ ወደ ማጥቂያ ክልሉ ከገባ ኦፍሳይድ ስለሚሆን፣ የመስመር ዳኛው ፓኩ ከመድረሱ አስቀድሞ በሰማያዊው መስመር አጠገብ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ መገኘት አለበት። ዘግይቶ የደረሰ ዳኛ መስመሩን በሰያፍ ስለሚያይ የተጫዋቹ ጫማና ፓኩ ከመስመሩ ጋር ያላቸውን ግንኙነት መለየት አይችልም። ለዚህም ሲሉ የመስመር ዳኞች ፊታቸውን ወደ ጨዋታው አድርገው ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ መስመሩ ላይ ይደርሳሉ። በዚህ መስመር ላይ የሚፈጸም ስህተት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1980 በኒውዮርክ አይላንደርስና በፊላደልፊያ ፍላየርስ መካከል የተካሄደው የስታንሊ ዋንጫ የፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ያሳያል። ክላርክ ጊሊስ ወደ ኋላ ያቀበለው ፓክ ከሰማያዊው መስመር ወጥቶ ሳለ ቡች ጎሪንግ መልሶ ሲያስገባው የመስመር ዳኛው ሊዮን ስቲክል ጨዋታውን ሳያስቆሙ ቀሩ፤ ዱዌን ሰተርም ጎል አስቆጠረ። አይላንደርስ በተጨማሪ ሰዓት 5 ለ 4 አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። ስቲክል ከጨዋታው በኋላ ስህተቱን በይፋ አምነዋል።

ሌላው የመስመር ዳኞች ኃላፊነት አይሲንግ የሚባለው ነው። ይህም አንድ ቡድን ፓኩን ከራሱ የሜዳ አጋማሽ መትቶ ማንም ሳይነካው የተጋጣሚውን የጎል መስመር ሲያሳልፍ የሚፈጸም ጥፋት ነው። ሊጉ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2014 ከተካሄደው የውድድር ዘመን ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት፣ ከኋላ ያለው የመስመር ዳኛ እጁን በማንሳት ምልክት ያሳያል። ከፊት ያለው ደግሞ ከሁለቱ ተፎካካሪ ተጫዋቾች ፓኩ ጋር ቀድሞ የሚደርሰው የትኛው እንደሆነ፣ በጎሉ አካባቢ ያሉት የጨዋታ ማስጀመሪያ ነጥቦች ላይ ሲደርሱ ይወስናል። ዳኛው ለዚህ ወደ ጎሉ ሲወርድ ሰማያዊው መስመር ያለ ጠባቂ ስለሚቀር ጓደኛው ይሸፍንለታል።

የአራት ዳኞች አሠራር ከጥንት ጀምሮ የነበረ አይደለም። ሊጉ ለረጅም ዓመታት በአንድ ዋና ዳኛና በሁለት የመስመር ዳኞች ሲመራ ቆይቷል። ሁለተኛው ዋና ዳኛ በከፊል መመደብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው የውድድር ዘመን ሲሆን፣ በ2000 በተጀመረው ዘመን በሁሉም ጨዋታዎች ተግባራዊ ሆኗል። የቀድሞው አሠራር ድክመት በጉልህ የታየበት አጋጣሚ እ.ኤ.አ. ግንቦት 27 ቀን 1993 በሎስ አንጀለስ ተከስቷል። ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ተከታታዩን ግጥሚያ 3 ለ 2 እየመራ ስለነበር፣ ያን ቀን ቢያሸንፍ ለፍጻሜ ይደርስ ነበር። ሁለቱ ቡድኖች 4 ለ 4 ሆነው ወደ ተጨማሪ ሰዓት እንደገቡ የሎስ አንጀለስ ኪንግስ ተጫዋች ዌይን ግሬትስኪ ዱላ የዳግ ጊልሞርን አገጭ መትቶ አደማው። ብቸኛው ዋና ዳኛ ኬሪ ፍሬዘር ድርጊቱን አላዩም፤ የመስመር ዳኞቹን ቢጠይቁም አየሁ ያለ አልተገኘም። ግሬትስኪ ሳይቀጣ ቀርቶ ብዙም ሳይቆይ የማሸነፊያውን ጎል አገባ። ሰባተኛውንም ጨዋታ ያሸነፈው ሎስ አንጀለስ ነበር። ጉዳዩ በቶሮንቶ ደጋፊዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ይነሳል።

አቋቋም ከዳኞቹ ደኅንነት ጋርም የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 በፊላደልፊያ በተካሄደ ጨዋታ የመስመር ዳኛው ፓት ዳፑዞ ፊታቸውን በተጫዋች የበረዶ ጫማ ስለት ተመትተው ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ሲሆን፣ የዳኝነት ሙያቸውም በዚሁ አብቅቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ደግሞ የመስመር ዳኛው ዶን ሄንደርሰን በካልጋሪ ቡድን መቀመጫ አጠገብ ሳሉ ዴኒስ ዋይድማን ከጀርባ ገጭቶ ጥሏቸዋል። ሊጉ በተጫዋቹ ላይ የ20 ጨዋታ ቅጣት ቢጥልም፣ ጉዳዩን የተመለከቱት ገላጋይ ዳኛ ወደ 10 ዝቅ አድርገውታል።

የቪዲዮ ምስል በአሁኑ ወቅት ከዳኞች ስህተት ከፊሉን ያርማል። የጎል ውሳኔ በቪዲዮ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 በተጀመረው የውድድር ዘመን ነው፤ ከ2015 ወዲህ አሠልጣኞች በኦፍሳይድ የተገኘ ጎል እንዲመረመር መጠየቅ ይችላሉ። በ1980 የተፈጸመው ዓይነት ስህተት ዛሬ በደቂቃዎች ውስጥ ሊታረም ይችላል ማለት ነው። ከ2019 ጀምሮም ዋና ዳኞች ተጋጣሚን በዱላ ፊቱ ላይ በመምታት የጣሉትን የአራት ደቂቃ ቅጣት በምስል እንዲያጣሩ ተፈቅዷል። ይህ የሚሠራው ግን ዳኛው አስቀድሞ ጥፋቱን አይቶ ቅጣት ከጣለ ብቻ ነው። በ1993 በሎስ አንጀለስ እንደሆነው ከዳኞቹ አንዳቸውም ያላዩት የዱላ ምት በአሁኑም ደንብ ለቅጣት ሲባል በቪዲዮ አይመረመርም።