ድሪቶ፣ ሲንጀርና ዱቤ

«ድሪቶ» በአማርኛ ክብር የሌለው ቃል ነው። ያረጀ ልብስ በእራፊ ሲጣፍ፣ በእራፊውም ላይ ሌላ እራፊ ሲደረብበት ድሪቶ ይባላል፤ ድሪቶ ለባሽ ማለትም የድህነት መጨረሻ ማለት ነው። በአሜሪካ ግን የድሪቶ ዘመድ የሆነው «ኩዊልት» ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ኩዊልት ከላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ ገጽ፣ ከመካከል ስስ ጥጥ፣ ከታች ገበር ያለው የአልጋ ልብስ ነው። ሦስቱ ድርብ እንዳይንሸራተቱ ከዳር እስከ ዳር በስፌት ይያያዛሉ።

ለዚህ ሥራ የሚሆን የቤት መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ብረቱ ነው፤ የትኛው ፋብሪካ፣ ስንት ዓይነት ስፌት፣ ስንት ዶላር እያለ። የመኪናው ታሪክ ግን ሌላም ጥያቄ ያስነሳል። መኪናው ቤት ከገባ በኋላ ለቤተሰቡ ይሠራል ወይስ ቤተሰቡ ለመኪናው ዕዳ ይሠራል? (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በጠብ ነው። ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርተሌሚ ቲሞኒዬ በ1830 የስፌት መኪና የፈጠራ መብት አገኘ። መኪናዎቹን በፓሪስ ተክሎ ለጦር ሠራዊቱ ልብስ መስፋት ሲጀምር፣ «እንጀራችንን ሊዘጋብን ነው» ያሉ የእጅ ሰፊዎች በ1831 ገብተው ሰባበሩበት። በ1846 አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው ዓይኑ ከጫፉ አጠገብ በሆነ መርፌ በሁለት ክር የሚሰፋ መኪና አስመዘገበ። በ1851 ደግሞ አይዛክ ሲንገር መጣ። ኢትዮጵያዊ ሁሉ «ሲንጀር» የሚለው ይኸው ሰው ነው። ስሙ የዕቃው መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል፤ በየከተማው በረንዳ ላይ በእግር እየተረገጠ የሚሰፋ መኪና፣ ማንም ፋብሪካ ይሥራው ማን፣ «ሲንጀር» ይባላል።

መኪናው ድንቅ ቢሆንም ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ ነበር። ይህ በዚያ ዘመን ለተራ ቤተሰብ የብዙ ወራት ገቢ ማለት ነው። መላውን ያመጣው የሲንጀር ሸሪክ የነበረው ጠበቃ ኤድዋርድ ክላርክ ነው። በ1856 ገዢው ጥቂት ዶላር ብቻ ሰጥቶ መኪናውን ወደ ቤቱ እንዲወስድና ቀሪውን በየወሩ እንዲከፍል ተፈቀደ። በ1855 ኩባንያው የሸጠው 883 መኪና ነበር፤ በ1856 ሽያጩ 2,564 ደረሰ።

በዚህ መንገድ መኪናው ሀብታም ባልሆነ ሰው ቤት ገባ። ዊለርና ዊልሰን የተባለው ኩባንያ ባወጣው ስሌት፣ በእጅ 14 ሰዓት ከ26 ደቂቃ የሚፈጅ የወንድ ሸሚዝ በመኪና በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ያልቅ ነበር። ቀን ከሌት መርፌ ይዛ ለምታመሽ እናት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ውሉ ሌላ ገጽ ነበረው። የመጨረሻው ዶላር እስኪከፈል ድረስ መኪናው የኩባንያው ንብረት ነው። ክፍያ ያጓደለ ቤተሰብ የከፈለው ቀርቶበት መኪናውን ሊነጠቅ ይችላል።

መኪና ያለው ሰው ሁሉም የጊዜው ጌታ አልሆነም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኒውዮርክ ጠባብ አፓርታማዎች ውስጥ ከምሥራቅና ከደቡብ አውሮፓ የመጡ ስደተኞች መኝታ ቤታቸውን ሥራ ቤት አድርገው በቁራጭ ሂሳብ ይሰፉ ነበር። ልጆች ሳይቀሩ ክር ይበጥሱ፣ ቁልፍ ይተክሉ ነበር። በ1909 በዚያችው ከተማ ከ20,000 የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች የሆኑ ልብስ ሰፊዎች ሥራ ሲያቆሙ ካነሷቸው አቤቱታዎች አንዱ ለመርፌ፣ ለክርና ለኤሌክትሪክ ተብሎ ከደመወዛቸው መቆረጡ ነበር።

በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍልም መኪናው ከባርነት ነፃ በወጡ ሰዎች እጅ ገባ። ወይዘሮ ሃሪየት ፓወርስ በ1837 በጆርጂያ በባርነት ተወለዱ። አዳምና ሔዋንን፣ ቃየንና አቤልን፣ ስቅለትን በጨርቅ እየቀረጹ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ክፍል በክፍል የደረደሩበት ኩዊልት በ1886 በአቴንስ ከተማ በጥጥ ትርኢት ላይ ቀረበ። አንዲት የሥዕል መምህርት ሊገዙት ቢጠይቁም ወይዘሮ ፓወርስ እምቢ አሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግር ሲጠና 10 ዶላር ጠይቀው በ5 ዶላር ሸጡት። ከዚያ በኋላም ሥራቸውን ለማየት ብቻ ወደ ገዢዋ ቤት ይመላለሱ ነበር። ዛሬ ይህ ኩዊልት በዋሽንግተን የስሚዝሶንያን ሙዚየም ንብረት ነው፤ በላዩ ላይ የእጅም የመኪናም ስፌት ይታያል። መኪናው ሥራቸውን አቀለለላቸው፤ ዋጋውን የወሰነው ግን ችግር ነበር።

ኩዊልት ከመኪና የሚጠይቀው ከሸሚዝ የተለየ ነው። አለን ዊልሰን በ1854 ያስመዘገበው ጨርቅ ገፊ ጥርስ ከመርፌው ሥር ብቅ ይላል፣ ጨርቁን ይይዛል፣ አንድ ስፌት ያህል ገፍቶ ዝቅ ብሎ ይመለሳል። ዛሬም የቤት መኪና በዚሁ ዘዴ ይሠራል። ጥርሱ የሚነካው ግን የታችኛውን ጨርቅ ብቻ ስለሆነ፣ ሦስት ድርብ ሲሰፋ ገበሩ ይቀድማል፣ የላዩ ወደኋላ ይቀርና ይሸበሸባል። መድኃኒቱ ከላይም ጨርቁን ይዞ አብሮ የሚራመድ እግር መግጠም፣ ወይም ጥርሱን ዝቅ አድርጎ ጨርቁን በእጅ መምራት ነው። ሁለተኛው ጉዳይ ስፋት ነው። ከመርፌው በስተቀኝ ባለው ክፍተት ተጠቅልሎ የማያልፍ የአልጋ ልብስ በዚያ መኪና አይሰፋም።

ሲንጀር በ1933 ያወጣው 221 ቁጥር፣ በቅጽል ስሙ «ፌዘርዌይት»፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከአልሙኒየም የተሠራ፣ ክብደቱ 11 ፓውንድ ወይም 5 ኪሎ ያህል፣ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚሰፋ መኪና ነው። ምርቱ ከቆመ ከ50 ዓመት በላይ ቢሆነውም ኩዊልት ሠሪዎች ዛሬም እየፈለጉ ይገዙታል። እራፊ ለመገጣጠም ተወዳዳሪ የለውም፤ ክፍተቱ ጠባብ በመሆኑ ግን ትልቅ የአልጋ ልብስ ከነጥጡና ከነገበሩ ለማያያዝ ያስቸግራል።

ዱቤ ምን እንደሚያደርግ፣ የጋራ መኪናም ምን እንደሚያመጣ በአንድ ቦታ ያየ ሕዝብ ቢኖር በአላባማ የጂስ ቤንድ ሕዝብ ነው። በወንዝ የተከበበችው ይህች መንደር ነዋሪዎች የቀድሞ ባሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ሲሆኑ፣ የነጭ ባለርስት መሬት በእኩል ያርሱ ነበር። በ1932 በዱቤ ያበድራቸው የነበረ ነጋዴ ሲሞት ቤተሰቡ ዕዳውን በአንድ ጊዜ ጠየቀ። ከብት፣ ጋሪ፣ የእርሻ መሣሪያ፣ የተከማቸ እህል ሳይቀር እየተጫነ ተወሰደ።

ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ የዚሁ አካባቢ ሴቶች ፍራንሲስ ዋልተር በተባሉ ቄስ አጋዥነት «ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ» የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። ወቅቱ ለመምረጥ የተመዘገበ ጥቁር አራሽ ከመሬቱ የሚባረርበት ነበር። የመጀመሪያ ሥራዎቻቸው በኒውዮርክ በጨረታ ተሸጡ። ወይዘሮ ኤስቴል ዊተርስፑን በሥራ አስኪያጅነት የመሩት ይህ ማኅበር 23 ኤከር መሬት ገዝቶ የስፌት ቤት ሠራ። ከመሬቱም ከፍሎ በመምረጥ ምክንያት ለተባረሩ ቤተሰቦች ሸጠላቸው። በ1972 ሲርስ ከተባለው ትልቅ መደብር የኮርዶሮይ ትራስ ልብስ የመስፋት ውል አገኘ። ሴቶቹ ከውሉ የተረፈውን ቁርጥራጭ ወደየቤታቸው ወስደው የራሳቸውን ኩዊልት ሰፉበት። በ2002 የጂስ ቤንድ ኩዊልቶች በኒውዮርክ የዊትኒ ሙዚየም ሲቀርቡ እነዚያ የኮርዶሮይ ሥራዎችም አብረው ታዩ። ማኅበሩ በ2012 ቢዘጋም ሥራው ቀርቷል።

እንግዲህ ዛሬ መኪና የሚመርጥ ሰው ወደ ሱቅ ሲሄድ ጨርቅ፣ ጥጥና ገበር ደርቦ ይያዝና ሳይገዛ በፊት ይሞክርበት። የላዩ ጨርቅ ከተሸበሸበ፣ ተራማጅ እግር ይገጠምለት እንደሆነ ይጠይቅ። በደንብ የተያዘ ያገለገለ መኪና ከአዲስ እንደማያንስም አይርሳ። የክላርክ ዱቤ ዛሬ በካርድ መልክ በየኪሱ ስላለ፣ ከነወለዱ ስንት እንደሚደርስ አስቀድሞ ያስላ። ዕቁብ ለሚያውቅ ሕዝብ ደግሞ ሌላ በር አለ፤ አምስት ጎረቤታሞች በየተራ አንድ አንድ መኪና ቢያወጡ የማንም ኩባንያ ባለዕዳ አይሆኑም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት የአላባማ እናቶች በአማርኛ አልሰሙትም፤ በሥራ ግን አሳይተውታል።