ከሌባሻይ እስከ ብሎክ ግሩፕ

ባለፈው ክረምት በምኖርበት ኮንዶሚኒየም የብሎካችን ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶ ተለቀቀ። ጥቁር ጃኬት የለበሰ፣ ቦርሳ ያነገተ ወጣት ደረጃ ሲወጣ ከኋላው የተነሳ ነው። ከሥሩ «ይሄን ልጅ የሚያውቀው አለ? ሌባ ሊሆን ስለሚችል ተጠንቀቁ» ይላል። በዚያው ሳምንት ከሁለት ቤት በር ላይ ጫማ ጠፍቶ ስለነበር ማንም ጥያቄ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም፤ ጭራሽ ለሌላ ብሎክ ጓደኞቼ አስተላለፍኩት። ማታ ላይ ልጁ አራተኛ ፎቅ ያሉ ሕፃናትን የሚያስጠና ተማሪ መሆኑ ታወቀ።

ከዚያ ወዲህ ሌባሻይ ከሐሳቤ አልወጣም።

ሌባሻይ ምን እንደነበር ለማታውቁ፦ ዕቃ ሲሰረቅ ባለሙያው አንድ ለጋ ልጅ ይዞ ይመጣል። ልጁ መድኃኒት ያለበት ነገር ጠጥቶ፣ ጭስ ታጥኖ ይሰክራል። ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮለት እየተንገዳገደ በየመንደሩ ይሮጣል፤ ሕዝቡም ይከተለዋል። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ ከፋይም ነው። ምስክር የለም፣ ማስረጃ የለም። የደነዘዘ ልጅና ከኋላው የተሰበሰበ ሰው ብቻ።

ከሌባሻይ ሌላ አፈርሳታም ነበር፤ አውጫጭኝም ይሉታል። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። ካልወጣ ሁሉም ተዋጥቶ ይከፍላል። እውነቱን ለመናገር የዚህኛው አመክንዮ ይገባኛል። ፖሊስ በሌለበት አገር ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀውን እንዲናገር ማስገደጃው ይኸው ነበር። ቁራኛም ከሳሽንና ተከሳሽን አንድ ላይ አስሮ ዳኛ ፊት ማድረስ ነበር። ዛሬም «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» እንላለን።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ያደገችው በሰፈር ነው። መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈሩ፤ ሎሌና ወታደሩ ዙሪያቸውን ጎጆ ቀለሰ። ራስ መኮንን ሰፈርም ሆነ ሀብተጊዮርጊስ ሰፈር፣ ጸጥታው የባለ ሰፈሩ ጉዳይ ነበር። ችግሩ የመጣው አራዳ ላይ ነው። ገበያው የማንም ሰፈር አልነበረም፤ ከየአገሩ የመጣ፣ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሰው ይጋፋበታል። አፈርሳታ ደግሞ የሚሠራው ሰው ሲተዋወቅ ነው።

በልጅ ኢያሱ ዘመን ሌባሻይንና ቁራኛን ለማስቀረት መሞከሩና በዚያው ዘመን የከተማ ፖሊስ መቋቋሙ የሚገርም አይደለም። ፖሊሶቹ ትሪፖሊ ላይ ከጣሊያን ጋር ሆነው የተዋጉ ስለነበሩ ስማቸውም ከዚያችው ከተማ ተወስዷል፦ ተረንቡሌ። በኋላ የአራዳ ዘበኛ የከተማዋ መለያ ሆነ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ። በወረቀት ደረጃ ጥበቃው ከጎረቤት እጅ ወጥቶ የሠለጠነ፣ የሚጠየቅ ሰው እጅ ገባ።

ከዚያ ደርግ መጣና መልሶ ለጎረቤት ሰጠው፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ከጠመንጃ ጋር። በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተወለደው ቀበሌ ብዙ ሳይቆይ የራሱ ፍርድ ሸንጎ፣ የራሱ አብዮት ጥበቃ፣ የራሱ እስር ቤት ነበረው። ማን እንግዳ አሳደረ፣ ማን አምሽቶ ገባ የሚለውን የሚያውቀው ጎረቤት የሚያውቀውን የሚነግረው ለቀበሌው ሆነ። የ1969ኙ አሰሳና የቀይ ሽብር ግድያ በዚህ መረብ ላይ ነው የሄደው።

ታላላቆቻችን «በደርግ ጊዜ ሌባ አልነበረም» ሲሉ እሰማለሁ። በሰዓት እላፊ መንገድ ላይ ሰው ካልተገኘ ሌባ ከየት ይመጣል? ደግሞም ያን ጊዜ ሌሊት በር ሲንኳኳ የሚፈራው ሌባ አልነበረም።

እኔ ያደግኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሰፈራችን በየወሩ አዋጥቶ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ቀጥሮ ነበር። ዱላ፣ ፊሽካና አሮጌ ካፖርት ነበራቸው፤ ብርድ ሲጠና እናቶች ሻይ ይልኩላቸዋል። ጋሼ ሁላችንንም በድምፅ ያውቁን ነበር። አንድ ሰው ሌሊት «ኡኡ!» ካለ ደግሞ ወንዶቹ በጋቢያቸው ይወጣሉ፤ ማን እንደጮኸ የሚጠየቀው ከደረሱ በኋላ ነው።

ኮንዶሚኒየም ስንገባ ይሄ ሁሉ ቀረ። ከየሰፈሩ ፈርሶ፣ በዕጣ የተገናኘ ሰው ነው የሚኖርበት፤ እንደ አራዳ ገበያ ማለት ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ሲባል ስብሰባ ይጠራል፣ አስር ሰው ይመጣል። አሁን በየዋናው መንገድ መብራትና ካሜራ እየተተከለ ነው። መብራቱን ወድጄዋለሁ፤ እህቴ ከሥራ አምሽታ ስትመጣ ልዩነቱን ትናገራለች። ካሜራው ግን ያየውን ለማን እንደሚናገር፣ ቢሳሳት ማን እንደሚጠየቅ የነገረን የለም። የብሎካችን ግሩፕም ተጠያቂ የለውም። ሌባሻዩ እንኳ በስም የሚታወቅ ባለሙያ ነበር።

ፎቶውን የለቀቀችው ሴትዮ በማግስቱ አጠፋችው። እኔ ያስተላለፍኩትን ለማጥፋት ስሞክር ግን ከእጄ ወጥቶ ነበር፤ ሁለት ግሩፕ ላይ ሌላ ሰው ለጥፎታል። ልጁ እስከ ሰኔ ድረስ ማስጠናቱን ቀጠለ። በር ላይ ያሉት ጥበቃዎች በመጣ ቁጥር መታወቂያ ይጠይቁት ነበር፤ እኔን ጠይቀውኝ አያውቁም።