«ይቅርታ፣ የኬብል ብልሽት»

እ.ኤ.አ. በ1955 አንድ ቀን፣ በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት በጃክሰን ከተማ ቴሌቪዥን የከፈቱ ሰዎች የጥቁሮች መብት ጠበቃው ቱርጉድ ማርሻል በኤን ቢ ሲ ሲናገሩ ሊሰሙ ነበር። በማርሻል ፋንታ የመጣው ግን አንድ ጽሑፍ ነው፤ «ይቅርታ፣ የኬብል ብልሽት»። ኬብሉ ምንም አልሆነም። ሥርጭቱን ሆን ብሎ የቆረጠው የከተማው ጣቢያ ደብሊው ኤል ቢ ቲ ነበር።

ደንብ ጠፍቶ አይደለም። ለጣቢያዎች ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከ1949 ጀምሮ፣ በ1987 እስከ ሻረው ድረስ፣ የፍትሐዊነት መርህ የሚባል ደንብ ነበረው። ፈቃድ የወሰደ ጣቢያ አከራካሪ ጉዳዮችን ማንሳት፣ ሲያነሳም የሌላውን ወገን ሐሳብ ማሰማት ግዴታው ነበር። በደብሊው ኤል ቢ ቲ ዋና የሥርጭት ክልል ከሚኖረው ሕዝብ 45 በመቶ ያህሉ ጥቁር ነበር። በስክሪኑ ላይ ግን እምብዛም አይታይም ነበር፤ ስሙ ሲነሳም «ሚስተር» ወይም «ሚስስ» አይባልለትም ነበር። አንቱታ ያሳደገው አማርኛ ተናጋሪ ይህ ምን ያህል እንደሚያም አስረጂ አያሻውም፤ አዛውንትን በአደባባይ «አንተ» እያሉ እንደ ማዋረድ ነው።

የመብት ታጋዩ ሜድጋር ኤቨርስ ለዓመታት አቤት ሲሉ ቆይተዋል። በ1963 ከንቲባ አለን ቶምፕሰን በቴሌቪዥን ቀርበው የጥቁሮችን ጥያቄ ሲያጣጥሉ፣ ኤቨርስ የመልስ ጊዜ ጠየቁ። ሜይ 20 ቀን 17 ደቂቃ አገኙ። የሚሲሲፒ ዴልታው የእርሻ ሠራተኛ፣ አሉ በረጋ ድምፅ፣ ኮንጎ ውስጥ አፍሪካዊ ባቡር መንዳት እንደሚችል ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ይሰማል፤ ጃክሰን ውስጥ ግን የቆሻሻ መኪና እንኳ አይነዳም።

በ23ኛው ቀን፣ ጁን 12 ሌሊት፣ ኤቨርስ በገዛ ደጃፋቸው በጥይት ተመትተው ሞቱ።

ቄስ ኤቨረት ፓርከር አቤቱታውን አነሡት። በማርች 1964 በስውር ያዘጋጇቸው በጎ ፈቃደኞች የጣቢያውን ሥርጭት አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ፣ ተከታትለው መዘገቡ። ኮሚሽኑ ግን ተመልካች በፈቃድ እድሳት ላይ ተከራካሪ መሆን አይችልም ብሎ ለጣቢያው የአንድ ዓመት ፈቃድ ሰጠ። መከራከር የሚችለው ሞገዱ የተረበሸበት ወይም ገበያው የተነካበት ሰው ብቻ ነበር። ነገሩ የሚያስቆጨው እዚህ ላይ ነው፤ ደንቡ የወጣው ለተመልካቹ ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቱ ደጅ ቆሞ ቀረ።

በሩን የከፈቱት የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛው ዋረን በርገር ናቸው። በ1966 ተመልካች የመከራከር መብት አለው ብለው ፈረዱ። ኮሚሽኑ ግን ጉዳዩን ሰምቶ በ1968 ዳግም ፈቃዱን አደሰ። በርገር በ1969፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ለመሆን ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ ጥቂት ቀናት ሲቀሯቸው፣ እድሳቱን ሻሩት።

በ1971 ጣቢያው ወደ ሌላ አስተዳደር ተላለፈ። በተከታዩ ዓመት ዊሊያም ዲልዴይ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የማርሻል ንግግር በተቆረጠበት ጣቢያ፣ በዋና ሥራ አስኪያጁ ወንበር ተቀመጡ።